ምዕራፍ 7፦ ለባሕር የተከፈተ ቤት

“ቤት በእንግድነት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው” አለችኝ እታለም።

እሁድ ረፋድ ነበር። አንጠልያስ ከአውራ ጎዳናው ዳር ቆመን ወደ ቤሩት የሚወስደንን ሰርቪስ እንጠብቃለን። እታለም የምላት በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ነው። የደሴ ልጅ ናት፤ ሊባኖስ ከመጣች 14 ዓመቷ። በእነዚህ ዓመታት የስንቱን ሳሎን ወልውላለች፣ የስንቱን በረንዳ አጥባለች። ባልዲ ሳይያዝ፣ የማዳም ጥሪ ሳይሰማ፣ ግድግዳና ጣሪያ ለማየት ብቻ ሰው ቤት መሄድ ግን ለእሷ አዲስ ነገር ነው። “ለመሆኑ ምኑን ነው የምናየው?” ስትል ጠየቀችኝ።

ጥያቄዋ የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ነው። ተጠግኖ ለሕዝብ የተከፈተ አሮጌ ቤት ስንጎበኝ ምኑን ነው የምናየው? አብዛኞቻችን የባለቤቱን ሀብት አድንቀን፣ ፎቶ ተነስተን እንወጣለን። ቤቱ ለምን እንደዚያ ተሠራ፣ እንዴት ተጎዳ፣ ማንስ መልሶ አቆመው የሚለውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዞ ለገባ ሰው ግን ቤት እንደ መጽሐፍ ይነበባል። (በምዕራፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤት ያጣ ቤት

የቆምንበት ስፍራ ራሱ የጥገና ታሪክ አለው። አንጠልያስ የኪልቅያ አርመኖች ካቶሊኮስ መንበር ናት። ይህ መንበር ከ1293 ጀምሮ ዛሬ ቱርክ ውስጥ በምትገኘው በሲስ ከተማ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአርመኖች ላይ የደረሰው ጭፍጨፋና ስደት ካህናቱንም ምዕመኑንም በተነ። መንበሩ ዓመታትን በስደት ከቆየ በኋላ በ1930 አንጠልያስ አረፈ። ያረፈውም ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ያድጉበት በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። ዛሬ በግቢው ካቴድራል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ከሲስ የተረፉ ንዋያተ ቅድሳት የሚታዩበት የኪልቅያ ሙዚየም፣ እንዲሁም ከበረሃ የተሰበሰበ የሰማዕታት አፅም ያረፈበት ትንሽ ጸሎት ቤት አለ።

ለእኛ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው “አርባ ልጆች” ከዚያው እልቂት የተረፉ የአርመን ልጆች ነበሩ። አብሯቸው የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አንዱ የተሰበረ ቤት ፍርስራሽ በአንጠልያስ መንበር ሲሆን በአዲስ አበባ ደግሞ የሙዚቃ ባንድ ሆነ።

ማደስና መጠገን

የተጎዳን ቤት መልሶ ለማቆም አማርኛችን ሁለት ቃል አለው። ማደስ አዲስ ማድረግ ነው። መጠገን ደግሞ የወጌሻ ሥራ ነው። ወጌሻ የተሰበረውን አጥንት አውጥቶ በሌላ አይተካም። የራሱን አጥንት ወደ ቦታው ይመልሳል፣ በሽመልና በጨርቅ ያስረዋል፣ እስኪገጥም ይጠብቃል። የዳነው እግር ይራመዳል፤ የገጠመው ቦታ ግን በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

የታደሰ ቤትና የተጠገነ ቤትም እንዲሁ ይለያያሉ። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ጎንደር ታሳየናለች። በ1930ዎቹ ጣሊያኖች የፋሲል ግቢን ግንቦች ሲያድሱ የተጠቀሙት ሲሚንቶና ኮንክሪት ነበር። የጥንቶቹ ግንበኞች ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ለስላሳና ቀዳዳማ ስለሆነ በድንጋዩ ውስጥ የገባው እርጥበት በእሱ በኩል ተንፍሶ ይወጣል፤ ግንቡ ሲንቀሳቀስም አብሮ ይለመጣል። ሲሚንቶ ግን ይደርቃል፣ ይደፍናል። መውጫ ያጣው ውኃ ከነጨው በድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፤ ውኃው ሲደርቅ ጨው እየጠጠረ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈረፍረዋል። በ1970ዎቹ ዩኔስኮ በግንቦቹ ላይ ሲሠራ ሲሚንቶው እየተነሳ በኖራ ተተካ። ጠንካራ የተባለው መድኃኒት ሕመም ሆኖ ስለተገኘ ጠጋኙ መጀመሪያ ያደረገው የቀደመውን እድሳት ማንሳት ነበር።

እንግዲህ አሮጌ ቤት ስንጎበኝ በሦስቱ ላይ የምንጨምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ታድሷል ወይስ ተጠግኗል?

ሦስት ቅስት

ሰርቪሱ በዶራ በኩል አድርጎ፣ ቡርጅ ሐሙድን አልፎ ወደ ቤሩት ገባ። በስተቀኝ ባሕሩና ወደቡ፣ ጎናቸው የተገመሰ የእህል ጎተራዎችም ታዩ። እታለም ፊቷን አዞረች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። በዚያ መንገድ የሚያልፍ የቤሩት ነዋሪ ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ ዝም ይላል።

አሽረፊዬ ኮረብታ ላይ ወጥተን በሱርሶክ መንገድ ስንሄድ መጀመሪያ ያሳየኋት ልናየው የመጣነውን የሱርሶክ ሙዚየም አይደለም። ከመንገዱ ዳር ያሉትን አሮጌ ቤቶች ፊት እንድታይልኝ ነው የጠየቅኳት። ሁሉም አንድ ምልክት አላቸው፤ ከፊት ለፊታቸው መሐል ላይ ሦስት ረጃጅም ቅስቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ በቀጫጭን የእብነ በረድ ዓምዶች ተደግፈዋል፣ ክፍተታቸውም በመስታወት ተሞልቷል። የቤሩት ቤት መታወቂያው ይህ ነው።

ከቅስቶቹ በስተጀርባ ያለው አሠራር ቀላል ነው። በቤቱ መሐል ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ ረጅም አዳራሽ አለ፤ መኝታና ሌሎች ክፍሎች በግራና በቀኝ ተደርድረው በራቸውን ወደ አዳራሹ ይከፍታሉ። አዳራሹ እንግዳ መቀበያ፣ መተላለፊያና የቤቱ ሳንባ ነው። አሽረፊዬ ላይ ባሕሩ በሰሜን በኩል ስለሆነ ቅስቶቹ ወደ ሰሜን ያያሉ። በዚህም ሁለት ነገር ይገኛል፤ የቀትር ፀሐይ ፊት ለፊት ሳይመታ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ይገባል፣ የባሕሩም ነፋስ በቅስቶቹ ገብቶ በኋላ መስኮት ይወጣል። ጣሪያው ከፍ ያለ በመሆኑ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ከቅስቶቹ በላይ ባሉት ክብ ቀዳዳዎች ይሾልካል። የቤሩት በጋ ወበቃም ነው፤ ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን ሰው የኖረበት በዚህ ብልሃት ነው።

ይህን ቤት የወለደችው ደግሞ ሐር ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን የሊባኖስ ተራራ በእንጆሪ ዛፍና በሐር ትል ይኖር ነበር፤ ክሩ በቤሩት ወደብ በኩል ወደ ፈረንሳይ ይሄዳል። ከተማዋ በ1888 የኦቶማን ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ሆነች። መርከቦቹ ከማርሴይ ቀይ የጣሪያ ሸክላ፣ ከጣሊያን እብነ በረድ ይዘው መጡ። ግድግዳው ግን ከዚያው ከባሕሩ ዳር የተቆረጠ ቢጫማ የአሸዋ ድንጋይ ነው። እንደ ሱርሶክ ያሉ የነጋዴ ቤተሰቦች በዚህ ኮረብታ ላይ ቤታቸውን የሠሩት ንግዳቸው የሚገባበትንና የሚወጣበትን ወደብ ቁልቁል እያዩ ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የኒኮላ ኑዛዜ

ሙዚየሙ ነጭ ነው። ከግቢው በሁለት ክንፍ የሚወጣ ደረጃ፣ የቬኒስንና የኦቶማንን ወግ የደባለቀ ፊት፣ ከላይ እስከ ታች ባለቀለም መስታወት አለው። ኒኮላ ሱርሶክ በ1912 አሠራው። ሰውየው ሥዕል ይወድ ነበር፤ በ1952 ሲሞት ቤቱን ሙዚየም እንዲሆን ለቤሩት ከተማ ተናዘዘ። ለጥቂት ዓመታት መንግሥት የክብር እንግዶች ማረፊያ ካደረገው በኋላ በ1961 ኑዛዜው ተፈጸመ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አዳራሽ ከነአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ተመርቋል። ሁለቱ የመስታወት ቤቶች እኩዮች ናቸው ማለት ነው።

አንድ ቤት ለምን ተርፎ ሌላው እንደሚፈርስ ለመረዳት የኒኮላን ኑዛዜ ማየት ይጠቅማል። የሊባኖስ የቅርስ ሕግ የወጣው በ1933 ነው፤ በራሱ ቅርስ ብሎ የሚቆጥረው ከ1700 በፊት የተሠራውን ነው። ሦስት ቅስት ያላቸው ቤቶች ከዚያ ወዲህ የመጡ ስለሆኑ በስም ካልተመዘገቡ በስተቀር ሕጉ አይጠብቃቸውም። መሬቱ ይወደዳል፣ ወራሾች ይበዛሉ፣ ቤቱ ይሸጣል፣ በቦታው ባለ ብዙ ፎቅ ይቆማል። ኒኮላ ቤቱን ከዚህ ዕጣ ያወጣው ወራሹን ከተማ በማድረጉ ነው። ከተማዋም ከግንባታ ፈቃድ ከምትሰበስበው ክፍያ 5 በመቶውን ለሙዚየሙ መደበች። አዳዲስ ቤቶች ሲሠሩ አሮጌው ቤት ቀለብ ያገኛል። ዛሬ መግቢያው ነፃ ነው። እታለም ቦርሳዋን ስትከፍት ዘበኛው በእጁ “ግቡ፣ ግቡ” አለን፤ እሷም ቦርሳዋን እንደያዘች ጥቂት ቆማ ነው የገባችው።

ከ2008 እስከ 2015 ቤቱ ትልቅ ሥራ ተሠርቶለታል። ሊባኖሳዊው ዣክ አቡ ኻሌድና ፈረንሳዊው ዣን ሚሼል ቪልሞት የተባሉ የሥነ ሕንጻ ባለሙያዎች ለኤግዚቢሽን፣ ለመጋዘንና ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን ቦታ ሲፈልጉ በአሮጌው ቤት ላይ ፎቅ አልጨመሩም። ከግቢው ሥር ቆፍረው አራት ወለል ወደ ታች ወረዱ። 1,500 ካሬ ሜትር የነበረው ሙዚየም 8,500 ሆነ፤ ከመንገድ ለሚያየው ሰው ግን የኒኮላ ቤት እንደነበረ ነው። አዲሱ ነገር ለአሮጌው ዝቅ ብሎ ቦታ ሰጠ።

ውስጥ ከገባን በኋላ እታለም ብዙም አላወራችም። ወለሉን ነበር የምታየው። ቆይታ “ይሄን እብነ በረድ በሎሚ አይነኩትም አይደል?” አለችኝ። ሊባኖስ በመጣች በመጀመሪያው ወር የወጥ ቤት ጠረጴዛ አጸዳለሁ ብላ ሎሚ አፍስሳበት ነበር። ድንጋዩ ነጭ ምች መታው፤ የሰማችውን ስድብ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። የተፈጠረው ነገር ሳይንስ ነው። እብነ በረድ በባሕርዩ ከኖራ ድንጋይ የተለየ አይደለም፤ አሲድ ሲነካው ይበላል፣ ልስላሴውን ያጣል። እሷ ይህን የተማረችው በእጇ ነው።

ቤትን ሁለት ዓይነት ሰው ያውቀዋል፤ የያዘውና የጠረገው። በየሙዚየሙ ግድግዳ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ስም ነው። የቱ ጥግ አቧራ እንደሚይዝ፣ የቱ በር በክረምት እንደሚያብጥ፣ የቱ ድንጋይ ምን እንደሚጠላ የሚያውቀው ግን ሁለተኛው ነው። በዚህች አገር ከሁለተኞቹ መካከል በጣም ብዙዎቹ የእኛ እህቶች ናቸው።

ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ

ኦገስት 4 ቀን 2020 በቤሩት ወደብ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተከማቸ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎች ቆሰሉ፣ 300,000 ያህል ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ዩኔስኮ እንዳስታወቀው 640 ያህል ታሪካዊ ሕንጻዎች ተጎዱ፤ ከእነሱ 60 ያህሉ ለመፍረስ ተቃርበው ነበር።

አሁን ቅድም ልብ በሉልኝ ወዳልኩት ነገር እንመለስ። ቅስቶቹ ወደ ሰሜን ያያሉ ብዬ ነበር፤ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ወደቡ። ብርሃንና ነፋስ እንዲያስገቡ የተከፈቱት እነዚያ ሦስት ቅስቶች የፍንዳታው ማዕበል ፊት ለፊት ተቀበሉት። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ብዙውን ቦታ ቻለ። ቀጫጭኖቹ ዓምዶች ተሰበሩ፣ መስታወቱ ተሰባብሮ ወደ ውስጥ ተወረወረ። ግፊቱ በአዳራሹ ሮጦ በየክፍሉ ገባና በሮችን ከነመቃናቸው ነቀለ፤ ጣሪያውን ከሥር ሲያነሳው ሸክላው ረገፈ። አንድ መቶ ዓመት ነፋስን ያመላለሰው መንገድ ለፍንዳታውም መንገድ ሆነ። ሰው ቤቱን የሚሠራው ዓለም መልካም ነገር እንደምታመጣለት ተስፋ አድርጎ ነው። የቤሩት ቤት ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ተስፋ ያደረገ ቤት ነበር።

ሱርሶክ ሙዚየም ከወደቡ 1 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በሰባት ዓመት ሥራ የተመለሰው ባለቀለም መስታወት ከነፍሬሙ ወለል ላይ ተከመረ። ከ50 የሚበልጡ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ሥራዎች ተጎዱ። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ኬስ ቫን ዶንገን የሣለው የኒኮላ ሱርሶክ ምስል ራሱ ተቀደደ። ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ውስጥ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቆሰለ ማለት ይቻላል።

ያ በጋ ለእኛም ሰዎች የመከራ በጋ ነበር። የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ፣ ወረርሽኙ ተጨምሮ፣ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው ወይም ያልፈለጉ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በሐዝሚየ ከቆንስላው ደጅ አውርደዋቸው ሄደዋል። በፍንዳታው ማግስት የቤሩት ሰው መጥረጊያ ይዞ መስታወት ለመጥረግ ሲወጣ እታለም ከጎረቤቶቿ ጋር ነበረች። “ሦስት ቀን ጠረግን” አለችኝ፤ “የማን ቤት እንደሆነ የጠየቀ የለም።”

ጥገናው

ሐኪም ለቆሰለ መጀመሪያ ደሙን እንደሚያቆም ሁሉ የቆሰለ ቤትም መጀመሪያ ይደገፋል፣ ይሸፈናል። በቤሩት ዝናብ በመኸር ይጀምራል፤ ጣሪያ በሌለው ቤት ላይ የሚዘንብ አንድ ክረምት ፍንዳታ ያልጨረሰውን ይጨርሳል። ስለዚህ በእነዚያ ጥቂት ወራት ባለሙያዎችና በጎ ፈቃደኞች ቅስቶቹን በእንጨትና በብረት ደገፉ፣ ጣሪያዎቹን በሸራ ሸፈኑ። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ደግሞ በተጎዱት ሠፈሮች የሚገኙ ቤቶች ለሁለት ዓመት እንዳይሸጡ ከለከለ። ይህ ባይሆን ሐዘን ላይ ያለው ሰው ቤቱን በርካሽ ለቅቆ ይወጣ ነበር።

ከዚያ የእጅ ሙያ ይመጣል። ሙዚየሙን ለመጠገን የጣሊያን መንግሥት በዩኔስኮ በኩል፣ አሊፍ የተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅትና የፈረንሳይ የባህል ሚኒስቴር ገንዘብ ሰጡ። መስታወቱን ግን ገንዘብ አይሠራውም። የሠራችው ማያ ሁሴይኒ የተባለች ሊባኖሳዊት የመስታወት ባለሙያ ናት። ከፍንዳታው በፊት የነበረውን የጠገነችው እሷ ነበረች፤ ሥራዋ በቅጽበት ሲረግፍ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ባለቀለም መስታወት እንዲህ ይሠራል፦ የመስኮቱ ንድፍ በልኩ ወረቀት ላይ ይሣላል፤ እያንዳንዱ ቀለም በንድፉ ልክ ይቆረጣል፤ ቁርጥራጮቹ በሁለት በኩል ጎድጓዳ በሆነ የእርሳስ ዘንግ ይገጣጠማሉ፤ መጋጠሚያው ይበየዳል። እርሳስ የሚመረጠው ልስልስ ስለሆነ ነው፤ ሙቀት መስታወቱን ሲለጥጠውና ብርድ ሲሰበስበው አብሮ ይታዘዛል። ልክ እንደ ኖራው።

ኮርኒሱንም ቀና ብላችሁ እዩ። በአሮጌዎቹ የቤሩት ቤቶች “ባግዳዲ” የሚባል አሠራር አለ፤ ቀጫጭን ጣውላዎች በመካከላቸው ክፍተት እየተተወ በአግዳሚው ሥር ይመታሉ፣ በላያቸው የኖራ ልስን ይለሰናል፣ ልስኑ በክፍተቶቹ ገብቶ ሲደርቅ እንደ ጣት ቆልፎ ይይዛል። እታለም ይህን ስነግራት ሳቀች። “በማገር ላይ እንደሚመረግ ምርጊት በለኛ!” ትክክል ናት፤ ሥራው አንድ ነው።

የኒኮላ ምስል ወደ ፓሪስ፣ ወደ ፖምፒዱ ማዕከል ተልኮ ነው የተጠገነው። ኢየሩሳሌም የተወለደው፣ ቤሩት የኖረው አርመናዊ ሠዓሊ የፖል ጊራጎሲያን አንድ ሥዕልም አብሮ ሄዷል። ሙዚየሙ በሜይ 2023 እንደገና ሲከፈት ሥዕሎቹ ተመልሰው በቦታቸው ነበሩ። ከምስሉ ፊት ስትቆሙ ጠባሳውን ለማግኘት ዓይን ያስፈልጋል፤ ታሪኩን የሚያውቅ ግን ሳይፈልገው አያልፍም።

ግቢው

ከመንገዱ ማዶ በ1860 ሙሳ ሱርሶክ ያሠራው ቤተ መንግሥት ከነአትክልቱ አለ። ከአጥሩ በላይ ዛፎቹ ይታያሉ። ጁን ላይ ስለነበርን በሠፈሩ ጃካራንዳው ሐምራዊ አበባውን አስፋልቱ ላይ አንጥፎ ነበር። እታለምና እኔ ሳናስበው ስለ አዲስ አበባ ማውራት ጀመርን።

በዚህች ከተማ የቤት ግቢ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ቤሩት ላይ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ጠብታ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የክረምቱ ውኃ ከጣሪያው በአሸንዳ ወርዶ ከቤቱ ሥር በጉድጓድ ይጠራቀምና በጋውን ሎሚውንና ብርቱካኑን ያጠጣል። ኮረብታው ዳገት ስለሆነ ግቢው በድንጋይ እርከን ተከፍሏል፤ እርከኑ አፈሩንም ውኃውንም ይይዛል። የዛፉ ጥላ ያቀዘቀዘው አየር በቅስቶቹ ይገባል። ግቢው ከጠፋ ቤቱ ግማሽ ሳንባውን አጥቷል።

ከሁሉ የሚወደደው መራራ ብርቱካን ነው። ፍሬው በጥሬው አይበላም፤ በጸደይ የሚፈነዳው አበባው ነው የሚፈለገው። እታለም በአንድ ቤት ስትሠራ ከአሮጊቷ እናት ጋር በየዓመቱ አበባ ለቅመው ውኃውን ያወጡ ነበር። አበባው ከውኃ ጋር በድስት ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ሲቀዘቅዝ ጠብ ጠብ ይላል። “ያው አረቄ ማውጣት ነው፤ የሚያሰክር የለውም እንጂ” አለችኝ። የሊባኖስ ሰው ይህን ውኃ ጣፋጭ ላይ ያፈስሰዋል፤ ትኩስ ውኃ ላይ ጠብ አድርጎም ነጭ ቡና ይለዋል። “ከሊባኖስ የምወደው ሽታ እሱ ነው” ብላ ከአጥሩ ሥር ትንሽ ቆመች።

የዚህ ግቢ ባለቤት የነበሩት ኢቮን ሱርሶክ ኮክሬን በ1960 የአሮጌ ቤቶች ጥበቃ ማኅበር የመሠረቱ ሴት ናቸው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ቤታቸውን ለብዙ ዓመታት ሲያስጠግኑ ኖሩ። ፍንዳታው እዚያው ቤታቸው ሳሉ አገኛቸው፤ ኦገስት 31 ቀን 2020 በ98 ዓመታቸው አረፉ። ከቤታቸው ፍርስራሽ ውስጥ አንድ የተበሳሳ ትልቅ ሥዕል ወጣ። የ17ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊት ሠዓሊ የአርቴሚዚያ ጀንቲሌስኪ ሥራ መሆኑ ታወቀና ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ጌቲ ሙዚየም ተጠገነ። ግድግዳ ላይ ለዘመናት ተሰቅሎ ስሙ ያልተጠራ ሥራ ሲቆስል ታወቀ።

ደረጃው

ስንመለስ ከሱርሶክ መንገድ ወደ ገማይዜ በሚያወርደው በቅዱስ ኒቆላዎስ ደረጃ ወረድን። በግራና በቀኝ ገና ያልተጠገኑ ቤቶች አሉ። በመሐል እታለም ቆመችና ጣቷን ወደ አንድ መስኮት ቀሰረች።

“እየው፤ ያኛው መስታወት አሮጌ ነው፣ ጎኑ ያለው አዲስ።”

እኔ ልዩነቱ አልታየኝም።

“ሰማዩን እይ” አለች። “በአዲሱ ላይ ሰማዩ ቀጥ ይላል። በአሮጌው ላይ ይወዛወዛል። ስትወለውለውም እጅህ ላይ ይታወቅሃል፤ ወለል ወለል ይላል።”

እውነቷን ነበር። የድሮ መስታወት በእስትንፋስ እየተነፋ ስለሚሠራ ውፍረቱ እኩል አይሆንም፤ የዛሬው በፋብሪካ በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ ተንሳፍፎ ስለሚወጣ እንደ ውኃ ዝርግ ነው። እኔ ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። ከመንገድ ላይ ቆሞ ያነበበችው ግን እሷ ናት። ጠዋት “ምኑን ነው የምናየው?” ብላ ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱን ራሷ ሰጠችኝ። የምናየው እጅን ነው። አሮጌ ቤት የእጅ ክምችት ነው፤ ድንጋይ የጠረበ፣ መስታወት የነፋ፣ ወለል የወለወለ፣ ፍርስራሽ የጠረገ፣ እንደገና የገጠመ። ጥሩ ጥገና እነዚያን እጆች አይሰርዝም። እድሳት ብቻ ከሆነ ግን ሁሉንም በአንድ ቀለም ይሸፍናቸዋል።

ወደ አንጠልያስ በሚመልሰን ሰርቪስ ውስጥ እታለም ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና “የጭቃ ቤት ይጠገናል?” አለችኝ።

ደሴ የእናቷ ቤት አለ፤ አባቷ የሠሩት። እሷ በምትልከው ገንዘብ ከጎኑ የብሎኬት ቤት ተሠርቷል፤ ወንድሟ አሮጌውን አፍርሶ ግቢውን ሲሚንቶ ሊያለብሰው ነው።

የጭቃ ቤት ከማንም በላይ የሚጠገን ቤት ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ እንደ ሊጥ ይቦካል፤ ጭዱ ጭቃውን እንደ ጅማት ይይዘዋል፣ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል። የተላጠው ቦታ በዚያው ዓይነት ጭቃ ይመረጋል፤ ከአሮጌው ጋር ይዋሃዳል። በዓል ሲደርስ እናቶቻችን ግድግዳውን ሲመርጉ፣ ወለሉን ሲለቀልቁ የኖሩት ለጽዳት ብቻ አይደለም። በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ ሲጠግኑ ቤቱ ለትልቅ ጥገና ሳይደርስ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ይቆማል። ጠላቱ ከላይ የሚገባ ዝናብና ከሥር የሚወጣ እርጥበት ነው፤ ጣሪያው ካላፈሰሰ፣ እግሩ ዙሪያ ውኃ መውረጃ ካለው ጭቃ ይኖራል። ሲሚንቶ ከለሰናችሁበት ግን በጎንደር የሆነው በእሱም ይደርሳል፤ እርጥበቱ ከውስጥ ታፍኖ ምርጊቱን ያራግፈዋል።

ይህን ሁሉ ሰማችኝ። አንጠልያስ ስንወርድ መሽቶ ነበር፤ የአርመኖቹ ካቴድራል መብራት በርቷል። ስልኳን አውጥታ ለወንድሟ ደወለች።

“የእማዬን ቤት እንዳትነካው” ስትለው ሰማሁ። “መጥቼ እመርገዋለሁ።”